ከአስራ አምስት ወደ ሃያ አምስት

ሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 2009

መቶ አስራ ስምንት! ዛሬ ጠዋት የመቶ አስራ ስምንተኛው ሰው ካርድ ገባ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚሁ ነው፤ ለማን ልንገር? ሱቅ ውስጥ ብጮህ አባዬ «ገበያተኛ ታስደነግጫለሽ» ይለኛል።

ለማስታወስ ያህል ልጻፈው፤ አንድ ቀን ትልቅ ሰው ስሆን ከየት እንደጀመርኩ እንዳልረሳ። ሩዋይዳ ሱልጣን፣ ሃያ አራት ዓመት፣ ኮምፒውተር የተማረች፣ አባቷ ስልክና የስልክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ያላት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ «የዛሬ ዓሣ» የሚባል አፕ ሠርቻለሁ። ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ያደሩት ጀልባዎች አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሲገቡ ስንት ቆሮሶ፣ ስንት አምባዛ እንደያዙና ዋጋው ስንት እንደሆነ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ላይ ይነበባል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ (መቼ ኖሮ ያውቃል!) በአጭር መልእክት ይደርሳል። ዓሣ ጠባሹ፣ ሆቴሉ፣ ባለቤቷ ዓሣ ካልበላ የማይሆንለት የቤት እመቤት፣ ሁሉም በከንቱ ለባጃጅ ከፍሎ ከመሄዱ በፊት ያያል።

ክፍያው በሞባይል ካርድ ነው። ሰውዬው የአስራ አምስት ብር ካርድ ፍቆ ቁጥሩን ይልክልኛል፣ ወሩ ይከፈትለታል። ሂሳቡን እኔ ሱቅ ለሚመጣ ሰው አስተላልፌ ወደ ብር እለውጠዋለሁ። ይህን ዘዴ ማን አሰበው? እኔ!

ወሬውን የሚነግሩኝ ጋሽ ባህሩ ናቸው። የድሮ ዓሣ አስጋሪ፤ አሁን ውሃ አይገቡም፣ ዳር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ጠዋት ሚስኮል ያደርጉልኛል፣ እደውላለሁ፣ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። አምስት ደቂቃ! ለበዓል ስኳርና ዘይት እወስድላቸዋለሁ። ሥራው ሲያድግ ደግሞ እንነጋገራለን ብያቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

አባዬ ምሳ ላይ ቦምቡን ጣለው። ወራቤ ከተማ ባንክ ውስጥ ሰው ይፈለጋል፤ ዘመድ አለን፤ ማመልከቻውም ገብቷል። ማን አስገባው? እሱ!

«አባዬ፣ እኔ ሥራ አለኝ እኮ።»

«ሥራ ማለት የሠራውን ሰው ምሳ የሚያበላ ነው። የሻይሽን እንኳ እኔ ነኝ የምከፍለው።»

ተከራከርን። እኔ አለቀስኩ፣ እናቴ ገባች፣ እሱ ወጣ፣ ተመለሰ። በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቶኛል። እስከዚያ ጠረጴዛዬ ባንኩ የሚከፍለኝን ያህል ካስገባ እዚሁ ሀዋሳ እቀራለሁ። ካልሆነ ወራቤ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በአስራ አምስት ብር አይደርስም። በሃያ አምስት ግን መቶ ሰው ይበቃል! እኔ ደግሞ መቶ አስራ ስምንት አለኝ! ሃያ ላድርገው ብዬ ነበር፣ የሃያ ብር ካርድ የለም። ፕሮግራሙ የሚቀበለው አንድ የካርድ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ሃያ አምስት።

ጊዜውም ራሱ መጥቶልኛል። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ለባለቤቶቹ ይሁን፤ እኔ የማውቀው በሁዳዴ አሞራ ገደል ጠጠር መጣያ እንደማይገኝ ነው። ረመዳን ሲገባ ተምር የሚያስወድድ ነጋዴ እንደሚሰደብ አውቃለሁ። ያ ግን ተምር ነው። የኔ ቴክኖሎጂ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 13

ተለቀቀ! ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ወጣ። ቃል በቃል ልገልብጠው፤ «ውድ ደንበኞቻችን፣ ከዛሬ ጀምሮ ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያችን ብር 25 መሆኑን እናሳውቃለን። ደንበኛ ንጉሥ ነው።» «እናሳውቃለን» የምትለዋን ወደድኳት። መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ትሸታለች።

መልሱ እንደ በረዶ ወረደ።

«እናሳውቃለን የምትሉት እነማን ናችሁ? ብቻሽን አይደለሽም እንዴ?»

«በጾም መግቢያ! ትንሽ አይሰቀጥጥሽም?»

«የተወደደው ዓሣው ነው ወይስ ስለ ዓሣው ማውራቱ?»

«ለደንበኛ ስንት ነው?»

ይህችን የመጨረሻዋን አስራ ዘጠኝ ሰው ላከልኝ። ለደንበኛ ስንት ነው! ሁሉም ደንበኛ ነው እኮ! ከአፕ ጋር ዋጋ የሚከራከር ሕዝብ እዚህ ብቻ ነው ያለው።

እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ አልጻፉም፣ ደወሉ። ሐይቅ ዳር ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ናቸው፤ አፑን በእጄ ስጭንላቸው አንድ ሙሉ ቆሮሶ ጠብሰው አብልተውኛል።

«ሩዋይዳ፣ ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንቺማ በሬን ታውቂዋለሽ» አሉና ዘጉት።

በሩ ከዋጋው ጋር ምን አገናኘው?

ሐሙስ፣ የካቲት 16

ወሩ ካለቀበት ሰው መሃል ግማሹ አልከፈለም። አይዞሽ ሩዋይዳ። ይቆጡና ይመለሳሉ። ስኳር ሲወደድ ሻይ የተወ አለ?

ይህንኑ ለአባዬ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ስኳር ሲወደድ እኔ ደንበኛዬን ወንበር ስቤ፣ ሻይ አዝዤ፣ ልጆቹን ጠይቄ ነው የምነግረው። ሲሰድበኝም ፊቱ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ» አለ። ደግ ነው፤ ግን መቶ አስራ ስምንት ሰው ሻይ ስጋብዝ ክረምት ይገባል። አፕ የተሠራው ሰው ቤት ላለመሄድ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 19

ከሃሴት ጋር ተገናኘን። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የወጥ ቤቱን ዕቃ የምትገዛው እሷ ናት፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ። ሆቴሉ ሃያ አምስቷን ከፍሏል። «ለኛ ምንም አይደለም፤ አንድ ጠዋት በከንቱ ከመመላለስ ይሻላል» አለችኝ። አየሽ! የገባው ሰው ይገባዋል! አቀፍኳት።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለኔ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ መሆኔን አላወቁም።

«የባህሩን አፍ እኮ ነው የምትሸጠው።»

«እሱስ ምን ያገኛል?»

«ምን ያገኛል! አላህ ይስጥልኝ።»

ልወርድ ብዬ ተውኩት። ሰው ሥራ ሲፈታ የማያወራው የለም። ጋሽ ባህሩ እኮ ቅር ብሏቸው አያውቅም። ቅር ቢላቸው ይነግሩኝ ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 24

ያዝኳቸው! ልቤ እስካሁን ይመታል!

ሰሞኑን አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። ከፋዩ እየቀነሰ ነው፣ ወሬው ግን ከተማውን ሞልቶታል። ያልከፈሉት ሁሉ በትክክለኛው ቀን በትክክለኛው ሰዓት ዓሣ ይገዛሉ። ዛሬ ጠዋት እንደ በላተኛ ሆኜ እነ እትዬ ጥሩወርቅ ጋ ሄድኩ። ምን አየሁ? የእትዬ ጥሩወርቅ ስልክ በፌስታል ተጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ከሳቸው ጋር አስራ አንድ ዓሣ ጠባሾች ቆመዋል። አንድ ሰዓት ሲሆን እትዬ ጥሩወርቅ ስልኩን አውርደው እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ጮክ ብለው አነበቡት! ሃያ አምስቷን በየወሩ በዕጣ አንዷ ትከፍላለች። ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ «የወሬ ዕቁብ»!

አዩኝ። ያፍራሉ ብዬ ነበር።

«ነይ ቁርስ ብዪ» አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ። «ዕጣ ውስጥ እናስገባሽ?»

ሁሉም ሳቁ። ቁርሱን አልበላሁም። ተናድጄ ነው እንጂ፣ ብልሃታቸው ግን... እውነቱን ልናገር፣ ይህን እኔ ባስበው ኖሮ በኩራት አልተኛም ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 27

የእትዬ ጥሩወርቅን ስልክ ዘጋሁት። አንዲት ቁልፍ ናት። ተጫንኩ፣ አለቀ።

ከሰዓት ሦስት ሰዎች ጻፉልኝ። «የዘጋሽው የአንዲት ሴት ስልክ አይደለም፣ የአስራ አንድ ቤት ነው» ይላል አንዱ። ከፋዮቼ ሠላሳ ሰባት ቀርተዋል። በነገራችን ላይ የሚጎዱት እነሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

እኔስ ወራቤ ምን እንደምትመስል እንኳ አላውቅም። ደህና ከተማ ናት ይላሉ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 2

ጋሽ ባህሩ ዛሬ ሚስኮል አላደረጉም፤ በራሳቸው ሂሳብ ደወሉ። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ሚስኮላቸውን አይቼ መልሼ ስደውል ዘግይቼ ስለነበር ይሆናል። ከመናገራቸው በፊት ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያ ነገር ስንት ሆነ?»

«የቱ ነገር፣ ጋሼ?»

«እኔ የምነግርሽ ነገር።»

«ሃያ አምስት። ወጪው በዝቶ ነው፣ ጋሼ።»

«እ» አሉ።  ኋላቸው አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዓሣ አንጀት ላይ ሲጣሉ ይሰማል። ከዚያ «ቆሮሶ መካከለኛ ነው፣ አምባዛ ትንሽ» አሉና ዘጉ። በፊት ጀልባ በጀልባ ነበር የሚቆጥሩልኝ። ሽማግሌ ሰው፣ ጠዋት ብርድ አለ፤ ደክሟቸው ይሆናል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ሠላሳ አንድ። ዛሬም ጋሽ ባህሩ «ጥቂት አለ» ብቻ። ጥቂት ማለት ስንት ነው? ሰው ሃያ አምስት ብር ከፍሎ «ጥቂት» ይነበብለታል? ነገ በደንብ እነግራቸዋለሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

አልነገርኳቸውም። ድምፃቸው ቅዝቅዝ ብሎብኝ «እሺ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 15

ሃያ ሁለት።

አባዬ ምንም አይጠይቀኝም። ይህ ከመጠየቁ ይብሳል። እናቴ ቦርሳ ገዝታልኛለች፣ ትልቅ፣ የጉዞ። «ሲረክስ አግኝቼ ነው» አለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 22፣ ጠዋት

ጥድፊያ። ሚስኮል የለም። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። ደወልኩ፣ አይነሳም። ደገምኩ፣ ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ሊሆን ነው! ባዶ ልላክ? ሃያ ሁለቱም ሊሄዱ? ትናንት ደህና ነበር፣ ሰማዩም ጥሩ ነው። «ቆሮሶ በብዛት፣ ዋጋው ረከስ ያለ።» ላክሁ። ምን ይፈጠራል!

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ተፈጠረ።

ሌሊት ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበር። ከተማ ውስጥ አልሰማሁትም። ጀልባ አልገባም፤ አንድም። ሰው ግን ገባ። በባጃጅ፣ በሚኒባስ፣ ባልዲ ተሸክሞ፣ የኔን መልእክት አንብቦ። ሃሴት ለአርባ እንግዳ ምሳ የዓሣ ትእዛዝ ተቀብላ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሰው ፊት ጮኸባት። ደወለችልኝ። አልተሳደበችም። «ሩዋይዳ፣ ከማን ሰማሽው?» ብቻ ነው ያለችኝ።

«ከጋሽ ባህሩ» አልኳት።

ለምን እንዲህ አልኩ? አፌ ነው ያለው።  የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ሽማግሌውን ሰውዬ ነው። ነገ እሄዳለሁ። ነገ።

ሰኞ፣ መጋቢት 25

ሁለት ቀን ፈርቼ ዛሬ ከጠዋቱ በአስራ ሁለት ሰዓት አሞራ ገደል ደረስኩ። እውነቱን ለመናገር ይህን አፕ ከሠራሁ ወዲህ በዚህ ሰዓት መጥቼ አላውቅም።

ጋሽ ባህሩ መረቡን እግራቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዳቦ ይዤላቸው ነበር። አልተቀበሉኝም፣ አላባረሩኝምም።

«ጋሼ፣ አስቀየምኩዎት?»

«ተቀመጪ መጀመሪያ።»

ተቀመጥኩ። ቀስ ብለው ነገሩኝ። አምስት ደቂቃ ብዬ የምጽፈው ነገር፣ እሳቸው ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከጀልባ ጀልባ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት እየሄዱ የሚሰበስቡት ነው። አስጋሪ ደግሞ የያዘውን ለማንም አይናገርም፤ ዋጋው ይወድቅበታላ። ለሳቸው የሚናገሩት «ልጄ ናት፣ ለጎረቤት ነው የምትነግረው» ስላሏቸው ነው። የሃያ አምስቱ ወሬ ሲደርስ አስጋሪዎቹ ልጆች ጠየቋቸው። «ጋሼ፣ ያንተ ድርሻ የት አለ? ተሸጠናል እኮ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ጀልባ አልቆጠረላቸውም። «ጥቂት» ሲሉኝ የነበረው ከሩቅ እያዩ ነው።

«ዓርብ ዕለት ምን ብዬ ልደውል?» አሉ። «ዋሽቼ ነበር የቆየሁት። ጎረቤት ብዬ።»

«የዋሸሁትስ እኔ ነኝ» አልኩ። ስለ ሃሴትም፣ በስማቸው ስላልኩትም ነገርኳቸው። መርፌያቸውን አቆሙ።  ከዚያ «ይሄንን እዚህ ለኔ አይደለም የምትናገሪው» አሉና ወደ ጀልባዎቹ በአገጫቸው አሳዩኝ።

ቤት እንደገባሁ ለአባዬ ሁሉንም አወራሁት፤ ስለ ዓርቡም። እንደ ሕፃን እየተነፋረቅኩ። ሰምቶ ሲጨርስ «ረቡዕ ሱቁን እዘጋለሁ። አብረን እንሄዳለን። ሰው ፊት ብቻዋን የምትቆም ልጅ የለችኝም» አለ። አባዬ ሱቁን በሥራ ቀን ሲዘጋ አይቼው አላውቅም!

ረቡዕ፣ መጋቢት 27

አባዬ ለካ ሁሉንም ቀድሞ አሞራ ገደል አስጠርቷቸው ነበር!

አስጋሪዎቹ በተገለበጡ ጀልባዎች ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ጥሩወርቅ አስሩን ሴቶች አስከትለው መጥተዋል። ሃሴትም መጣች። አባዬ መሃል ገብቶ ሰላምታ ሰጠ፣ የሁሉንም ቤተሰብ ጠየቀ፣ ለሁሉም ሻይ አዘዘ። «ልጄ አጥፍታለች። ራሷ ትናገር» ብሎ ተቀመጠ። ሻይ አዟሪው ዞሮ እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

ተናገርኩ። ዓርብ ዕለት ፈጥሬ እንደጻፍኩ፣ በጋሽ ባህሩ እንዳሳበብኩ። አንዱ ወጣት ተነስቶ ጮኸ፣ ሌላው አስቀመጠው። ሃሴት መሬት መሬት ታያለች። እኔ ሁሉንም ሰማሁ፤ አባዬ እንደሚለው ፊታቸው ቁጭ ብዬ።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ዋጋውን እንደ ዓሣ!

«አስራ አምስት!»

«ኧረ አስር!»

«ሃያ ይሁን!»

«የሃያ ካርድ የለም» አልኩ።

«ሁለት አስር የለም?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ፕሮግራሙ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«ፕሮግራሙን የሠራው መልአክ ነው? ራስሽ አይደለሽ?»

ሐይቁ ሁሉ የሳቀ መሰለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ስንት ሳምንቴ ነው ሳልስቅ! ሳቁ ሲበርድ እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። የጨመርሽው አስር ብር ለማን ነው?»

ወጪ በዝቶ ልል ነበር። ጋሽ ባህሩን አየኋቸው። «ለኔ» አልኩ። «እስከ ፋሲካ መቶ ሰው ካልከፈለኝ ወራቤ ባንክ ልገባ ነው። መሄድ አልፈልግም። ፈርቼ ነው የጨመርኩት።»

«እንዲህ አትይም መጀመሪያ!» አሉ። «እናሳውቃለን ብለሽ ከምትጽፊብኝ፣ በሬን አንኳኩተሽ እትዬ ፈርቻለሁ ብትይኝ ሃምሳም እከፍልሽ ነበር። እኛ አስር ብር አቅቶን ነው? ባህሩ በጉልበቱ እየዳኸ ያመጣውን አንቺ ቁጭ ብለሽ ስትሸጪው ነው ያንገበገበን። አስሩ የሱ ከሆነ እኔ ሃያ አምስት እከፍላለሁ። ዕቁቡን ግን አንበትንም! ለአስራ አንድ ሰው ሦስት ስልክ፤ ከዚህ ሳንቲም አልጨምርም።»

«ሦስት ስልክ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ባህሩ ዞረ። እሳቸው ግን ተቆጡ።

«አዋጡልኝ አልኩ? ለማኝ ነኝ?»

«ደመወዝ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። «ከመጀመሪያው ቀን መክፈል የነበረብኝ።»

መረባቸውን አገላበጡ። «እንግዲያ ስሜን ጻፊበት። ያየሁት እኔ ነኝ። ውሸት ከሆነ እኔን ይስደቡ፣ እውነት ከሆነ እኔን ያመስግኑ።»

አስጋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቅድም የጮኸው ወጣት «ነገ ና፣ ጋሼ፣ እቆጥርልሃለሁ» አለ።

ሃሴት ስትወጣ ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። አመመኝ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 30

ፕሮግራሙ ሁለት ካርድ ይቀበላል! ሦስትም ይቀበላል! አምስት አምስት አድርጎ አምስት ካርድ የላከ ጉደኛም አለ፣ ተቀበለው! ዛሬና ትናንት ቤት ለቤት ዞሬ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ። ሃያ ሦስት በር። እግሬ አለቀ። አርባ አንድ ደንበኛ። የአንዳንዱን ሰው ፊት ዛሬ ገና ነው ያየሁት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 4

ሌሊት እንደገና ነፋስ። ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ጾሙን የሚያጠብቀው ያጠብቃል፣ ሆቴሎቹ ግን ትእዛዝ አላቸው፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ይጽፉልኛል። አምሳ ስምንት ሰው ይጠብቃል፤ ፋሲካ አራት ቀን ቀርቶታል። ጋሽ ባህሩ ሚስኮል አደረጉ፣ ወዲያው ደወልኩ።

«አንድ ጀልባ ብቻ ገብታለች፣ ሰባት ቆሮሶ። እሷም ተሸጠች።»

«ጋሼ፣ ትንሽ አለ ልበል?»

«ባዶ ነው በይ። ስሜ ያለበት ነው።»

ጻፍኩ። «ባህሩ እንዳዩት፤ ዛሬ ባዶ ነው። አትምጡ።» ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁ። የመጀመሪያው መልስ ከሃሴት ነበር፤ «ተመስገን፣ ምሳውን ወደ ሽሮ ቀየርኩ።» ከዚያ አንድ የማላውቀው ቁጥር፤ «ባዶ መሆኑን የሚናገረውን አፕ እኔም ስልክ ላይ ጫኚልኝ። ስንት ነው?» ተነስቼ ሱቅ ውስጥ ዘለልኩ። አባዬ ተቆጣ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 8፣ ፋሲካ

ዛሬ ዓሣ የሚል ሰው ሀዋሳ ውስጥ የለም። ከተማው ሁሉ ዶሮና በግ ነው። ጋሽ ባህሩ በጠዋት ደውለው «እንኳን አደረሰሽ አይባልም ላንቺ?» አሉኝ። «ይባላል ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ» አልኳቸው። ድርሻቸውን ትናንት ወስጄላቸዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱት፣ ምንም አላሉም።

የመጨረሻው ቀን ነው። ደንበኞቼ ስልሳ አራት። ትልቁን ቦርሳ ራሴ ከአልጋ ሥር አወጣሁት፤ ሰው ሲያወጣው ከማይ ብዬ። ከዚያ ሱቅ ወርጄ አባዬ ፊት ቆምኩ።

«ስልሳ አራት ነው አባዬ። መቶ አልሞላም። ያውም አስር አስሩ የጋሽ ባህሩ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። «ወራቤ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። ሌላ ሰው ወስደዋል።»

«መቼ?»

«ከሐይቁ የተመለስን ዕለት።»

«ያን ቀን እኮ ሃያ ሁለት ነበሩ!»

«አዎ» አለ። «ሃያ ሁለት ነበሩ።»

 እሱ ወሬውን ጨርሷል፤ ከመሳቢያው የሃያ አምስት ብር ካርድ አውጥቶ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ።

«ለአባት ቅናሽ የለም?»

«የለም።»

«ጥሩ» አለና ቁጥሩን አነበበልኝ፤ አስገባሁት። ስልሳ አምስት! ከዚያ አፑን ልጫንለት ስልኩን ተቀበልኩት። ለካስ የአባዬ ስልክ ያቺ አሮጌዋ ባለ ቁልፍ ናት፤ ስክሪኗ ስለጠፋ አጭር መልእክት እንኳ አታሳይም፣ ከመደወል በቀር ምንም አታውቅም። ስልክ ሻጭ ሆኖ!

«አባዬ፣ ይሄ አፕ አይቀበልም እኮ። ብርህ በከንቱ ሄደ።»

«አንቺ እዚህ አይደለሽ?» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት እያነበብሽልኝ።»